ኩልዳባድ፦ የማሊክ አምባር መቃብር ያለባትን ትንሽ የህንድ ከተማ ለመጎብኘት ምክር እፈልጋለሁ

አስታማሚዋ
ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አባላት። እናቴን ለእንቅርት ቀዶ ሕክምና ወደ ሙምባይ ይዣት መጥቼ ሕክምናው በፈጣሪ ቸርነት በሰላም ተጠናቋል። የመጨረሻው የምርመራ ቀጠሮ ለየካቲት አጋማሽ ስለሆነ፣ እስከዚያ ድረስ በኪራይ ክፍል ውስጥ ታጥረን ከመቀመጥ፣ ሐኪሟም ስለፈቀደላት፣ ለጥቂት ቀናት ከከተማው ትርምስ ወጣ ብለን አንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ ማየት እንፈልጋለን። የመረጥናት በማሃራሽትራ ግዛት ያለችውን ኩልዳባድን ነው። ከኢትዮጵያ በባርነት ተወስዶ የአሕመድናጋር ሱልጣኔት ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ለመሆን የበቃው ማሊክ አምባር የተቀበረው እዚያ በመሆኑ፣ እናቴ ታሪኩን ከሰማች ወዲህ የአገሯን ሰው መቃብር ሳታይ እንደማትመለስ ቁርጥ አድርጋ ነግራኛለች።

በመረጃ መረብ ላይ የማገኘው ጽሑፍ ሁሉ ግን በአቅራቢያዋ ስላሉት፣ ከአለት ስለተፈለፈሉት የኤሎራ ዋሻዎች የሚያወራ ሲሆን፣ ኩልዳባድን የሚያነሳት እግረ መንገድ እንደምትታይ ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ በአካል የሄዳችሁበት ካላችሁ፣ በከተማዋ ማደር ይቻል እንደሆነ፣ ከስድሳ ዓመት በላይ የሆናትና ጾም የማታጓድል እናት ምን ልትበላ እንደምትችል፣ ሰዉስ እንግዳን እንዴት እንደሚቀበል ብትነግሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።


የቀድሞ የፑኔ ተማሪ
ጥር 9 ቀን

ለእናትዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። በፑኔ በተማርኩባቸው ዓመታት ወደዚያ አካባቢ ደጋግሜ ስለሄድኩ በመንገዱ ልጀምር።

በመጀመሪያ መድረስ ያለብዎት አብዛኛው ሰው አሁንም አውራንጋባድ ብሎ በሚጠራት ትልቅ ከተማ ነው። የከተማዋ ስም እ.ኤ.አ. በ2023 ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ተብሎ በይፋ ስለተቀየረ፣ የባቡርም ሆነ የአውቶቡስ ቲኬት ሲፈልጉ በሁለቱም ስሞች መሞከር ይኖርብዎታል። ከሙምባይ በባቡር ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ቫንዴ ባራት የሚባለው አዲሱ ፈጣን ባቡር ከዚያ ያነሰ ጊዜ የሚፈጅ ሲሆን፣ ወንበሩ ምቹ ስለሆነ ለእናትዎ የምመርጠው እሱን ነው። የሌሊቱ ባቡር ርካሽ ቢሆንም ገና ሳይነጋ ስለሚያደርስ፣ ከታማሚ ጋር በጨለማ ጣቢያ ላይ መንከራተት ተገቢ አይመስለኝም። ቲኬቱን አስቀድመው ይቁረጡ፤ በተጠባባቂ ዝርዝር ላይ የተመዘገበ ቲኬት እስከ መጨረሻው ሰዓት ድረስ ወንበር ላያገኝ ይችላል።

ከአውራንጋባድ እስከ ኩልዳባድ ያለው ርቀት ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከማዕከላዊው መናኸሪያ ወደ ኤሎራ የሚሄደው የመንግሥት ቀይ አውቶቡስ በኩልዳባድ በኩል ያልፋል። የአውቶቡሱ ሰሌዳ የሚጻፈው በማራቲኛ ብቻ በመሆኑና ቁጥሮቹም ብዙውን ጊዜ በዴቫናጋሪ ፊደል ስለሚጻፉ፣ ሰሌዳውን ለማንበብ ከመታገል ትኬት ቆራጩን «ኩልዳባድ?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል። መንገዱ ራሱ መታየት ያለበት ነው፤ በጥቁር አፈር ላይ በተዘራ ጥጥና ማሽላ መካከል አልፎ፣ የዳውላታባድን ምሽግ ግንብ ሰንጥቆ ይገባና ከዚያ ወደ አምባው መውጣት ይጀምራል። የዴልሂው ሱልጣን ሙሐመድ ቢን ቱግሉክ እ.ኤ.አ. በ1327 ዋና ከተማውን ከዴልሂ ወደዚህ ለማዛወር ያደረገውን ሙከራ የሚያስታውስ ሰው፣ ያንን ብቻውን የቆመ ሾጣጣ ኮረብታ ሲያይ ለምን እንደመረጠው ወዲያው ይገባዋል።

ምሽጉን እናትዎ እንዲወጡት አልመክርም፤ ደረጃው ብዙ ነው፣ ከፊሉም በጨለማ ዋሻ ውስጥ ያልፋል።


ጥቁር ሰሌዳ
ጥር 10 ቀን

የታሪክ መምህር ስለሆንኩ ከመንገዱ ይልቅ ስለ ሰውየው ብናገር ይሻላል፤ ምክንያቱም ኩልዳባድ ደርሶ መቃብሩን ብቻ አይቶ የሚመለስ ሰው ግማሹን ነገር ሳያይ ይቀራል ብዬ አምናለሁ።

ማሊክ አምባር እ.ኤ.አ. በ1548 አካባቢ እንደተወለደና የልጅነት ስሙ ቻፑ እንደነበረ ይታመናል። በ1617 አካባቢ በአካል ያገኘው ሆላንዳዊው ነጋዴ ፒተር ቫን ደን ብሩክ በሞካ ወደብ እንደተሸጠ ጽፏል። ከዚያ ባግዳድ ደርሶ ትምህርት ከቀሰመ በኋላ ደካን ወደሚባለው ደቡባዊ የህንድ አምባ ተወስዶ ለአሕመድናጋር ጠቅላይ ሚኒስትር ለቺንጊዝ ኻን ተሸጠ። የሚገርመው፣ የገዛው ቺንጊዝ ኻን ራሱ ቀድሞ በባርነት የመጣ ሐበሻ ነበር። ጌታው ሲሞት ባልቴቲቱ ነፃ ስላወጣችው፣ የራሱን ፈረሰኞች እያሰባሰበ ከፍ ከፍ አለ፤ ከ1600 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1626 ድረስም፣ የሱልጣንነቱን ዘውድ ለሌሎች እየደፋ እውነተኛውን ሥልጣን በእጁ ይዞ ሰሜን ህንድን ይገዛ የነበረውን የሙጋል መንግሥት ሠራዊት ከደካን ሲያግድ ኖረ። የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር በጦር ሜዳ አልረታው ቢል፣ የማሊክ አምባርን የተቆረጠ ራስ ሉል ላይ ቆሞ በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አሠርቷል። በሕይወት ያልተቻለ ሰው በቀለም እንደተገደለ ልብ ይሏል።

እርስዎ ከባቡር የሚወርዱባት ከተማ፣ አውራንጋባድ፣ እሱ እ.ኤ.አ. በ1610 ኻድኪ ብሎ የቆረቆራት ናት። በ1612 ያሠራው የባድካል በር አሁንም መኪና በሥሩ እያለፈ ቆሟል። ከተማዋን ውኃ ያጠጣት ከኮረብታ ምንጮች በመሬት ውስጥ በተዘረጋ ቦይ ሲሆን፣ ነዋሪዎች ቦዩን እስከ ዛሬ በስሙ «ናህረ አምባሪ» ይሉታል። ስለዚህ ወደ ኩልዳባድ ከመሄድዎ በፊት በባጃጅ የባድካልን በር አይታችሁ ብትሄዱ፣ መቃብሩ ዘንድ ስትደርሱ የምታዩት ሰው ሞቱ ብቻ ሳይሆን ሥራውም የሚታወቅ ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከኤሎራ ዋሻዎች አጠገብ ያለችው ቬሩል የምትባለው መንደር የማራታው ንጉሥ የሺቫጂ አያት የማሎጂ ቦስሌ መንደር ናት። የሺቫጂ አባት ሻሃጂ በ1624 በባትቫዲ በተደረገው ውጊያ በማሊክ አምባር ሠራዊት ውስጥ ተሰልፎ ተዋግቷል። የማራታ ፈረሰኞች በኋላ የታወቁበትን፣ ጠላትን በፊት ለፊት ሳይገጥሙ ስንቁንና መንገዱን እየቆረጡ የማድከም ስልት በስፋት ያሠራበት ማሊክ አምባር እንደነበረ ብዙ የታሪክ ጸሐፍት ይስማማሉ። ይህን ማወቅዎ ከአካባቢው ሰው ጋር ሲጨዋወቱ ይጠቅምዎታል።


የምሥራቅ ልጅ
ጥር 10 ቀን

ጥቁር ሰሌዳ በጎ ነገር ጽፈዋል፤ ይሁንና የት እንደተወለደ ለምን አልገለጹም? ማሊክ አምባር የሐረር ሰው እንደነበረ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ ያደግነው ነው። እኅታችን መቃብሩ ዘንድ ቆማ ለሚጠይቋት ሰዎች ይህንኑ ብትናገር ደስ ይለኛል።


ጥቁር ሰሌዳ
ጥር 11 ቀን

ወንድሜ፣ ያልገለጽኩት አውቄ ነው። ሐረር የሚሉ አሉ፣ ከምባታ የሚሉ አሉ፣ ከኦሮሞ ወገን ያደረጉትም አሉ፤ አንዱንም የሚያረጋግጥ የዘመኑ ሰነድ የለም። በዚያ ዘመን በጦርነትና በዘረፋ የተያዙ ልጆች ከብዙ አቅጣጫ ወደ ቀይ ባሕር ወደቦች ይወሰዱ ስለነበር፣ የተሸጠበት ወደብ የተወለደበትን ቦታ አይነግረንም። እኅታችን «ከኢትዮጵያ የሄደ ሰው ነው» ብትል ሁላችንንም ያስማማል፤ ለእናትዬዋም የበቃ ይመስለኛል።


መንገደኛዋ
ጥር 11 ቀን

ውድ አስታማሚዋ፣ እኔ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር ሄጄ ነበር፤ ሴት ስለሆንኩ ሌሎቹ ያላነሷቸውን ነገሮች ልንገርዎት።

ኩልዳባድ በአምባው ራስ ላይ የተቀመጠች፣ በአሮጌ የድንጋይ ግንብ የተከበበችና በበሮች የሚገባባት ትንሽ ከተማ ናት። ከአሥራ አራተኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የሱፊ ሼኾች ስለተቀበሩባት ቀድሞ ራውዛ ትባል ነበር፤ ከታላላቆቹ አንዱ የሆኑት ሼኽ ቡርሃኑዲን ጋሪብ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1337 ነው። ከግንቡ ውጭ ያለው ሜዳ ሁሉ ጉልላት በጉልላት ነው፤ አንዳንዱ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እንኳን የለም። የማሊክ አምባር መቃብር ከከተማዋ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ደርጋ ከሚባሉት ዋና ዋና የሼኾች መቃብር ቤቶች ራቅ ብሎ፣ ከፍ ባለ የድንጋይ መድረክ ላይ የተሠራ ባለ አንድ ጉልላት ሕንፃ ነው። ያሠራው ራሱ በሕይወቱ ሳለ ነው፤ የባለቤቱ የቢቢ ካሪማ መቃብርም በአቅራቢያው፣ አነስ ብሎ ይታያል።

እኛ ስንደርስ ትኬት ቆራጭም አስጎብኚም አልነበረም። የግድግዳው ልስን በየቦታው ረግፎ ከሥሩ ጥቁሩ ድንጋይ ይታያል፤ በጉልላቱ ክፍተቶች አረንጓዴ በቀቀኖች እየገቡና እየወጡ ሲጮኹ፣ በመድረኩ ሥር ልጆች ጡብ ደርድረው ክሪኬት ይጫወቱ ነበር። በውስጥ ያለው መቃብር በጨርቅ የተሸፈነ ሲሆን፣ አንድ ሰው በቅርቡ ያኖረው የጽጌረዳ ቅጠል ላዩ ላይ ደርቋል። ከልጆቹ ትልቁ ከየት እንደመጣን ጠይቆን «ኢትዮጵያ» ስንለው አላወቃትም፤ «ሐበሽ» ስንለው ግን ወደ መቃብሩ እያመለከተ ጓደኞቹን ጠራና ጨዋታው ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ያለ አስጎብኚ አልቀረንም፤ የባለቤቱንም መቃብር ያሳዩን እነሱ ናቸው።

ወደ መቃብሮቹ ሲገቡ ጫማ ይወልቃል። ቀትር ላይ ድንጋዩ ስለሚያቃጥል ለእናትዎ ወፍራም ካልሲ ይያዙ። ነጠላ ካላችሁ ከዚያ የተሻለ መከናነቢያ የለም። በአንዳንድ ደርጋዎች ሴቶች እስከ በሩ እንጂ ወደ መቃብሩ ክፍል አይገቡም፤ ይህ ሲነገራችሁ ቅር ሳይላችሁ በሩ ላይ ቆሞ መመለስ ነው። በደርጋ ውስጥ ደረሰኝ ይዞ የሚመጣ፣ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሊያጋጥማችሁ ስለሚችል፣ መስጠት ከፈለጋችሁ በሣጥኑ ውስጥ ጨምሩ።

ስለ ሰዉ የጠየቁትን በተመለከተ፣ ትኩር ብለው ያያሉ፤ ፎቶ አብረን እንነሣ የሚሉም ብዙ ናቸው። እኔን ያሰለቸኝ የብዛቱ ነገር እንጂ ክፋት አላየሁበትም፤ ካልፈለጉ ፈገግ ብሎ እጅን ማወዛወዝ ይበቃል። እናትዎን ግን «ማውሺ» (አክስቴ) እያሉ በአውቶቡስ ቦታ ሲለቁላቸው፣ ሻይ ቤት ውስጥ አድናቂ ሲከባቸው እንደሚያዩ እርግጠኛ ነኝ። በዕድሜ የገፋች እናት ይዞ የሚጓዝ ልጅ በማሃራሽትራ ገጠር ከማንም በላይ ይከበራል።


አዲስ ከተማ
ጥር 12 ቀን

ለንግድ ወደ ሙምባይ በየጊዜው የምመላለስ ሰው ነኝ፤ አንድ ጊዜም እግረ መንገዴን ኩልዳባድ ደርሻለሁ። ከላይ የተጻፈውን ባልቃወምም፣ ኩልዳባድ ላይ ማደሩን ግን አልደግፍም። በህንድ የውጭ አገር ዜጋ የሚያሳድር ማናቸውም ማረፊያ የእንግዳውን ፓስፖርትና ቪዛ በኦንላይን ለመንግሥት ማስመዝገብ አለበት። ትንንሾቹ ማረፊያዎች ይህ አሠራር ስለሌላቸው ወይም ጣጣውን ስለማይፈልጉት፣ አልጋ እያላቸው «ሞልቷል» ይላሉ። እኔ በአካባቢው ከነበረ አንድ ማረፊያ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሻንጣዬን ይዤ ተመልሻለሁ፤ በዚያ ሰዓት ወደ ከተማ የሚመለስ አውቶቡስ ስላልነበረ በኮንትራት መኪና የከፈልኩት ገንዘብ የሦስት ቀን የአልጋ ኪራይ ያህል ነበር።

ሌላው የገንዘብ ጉዳይ ነው። በህንድ ገጠር የለውዝ ሻጩ ሳይቀር ክፍያ የሚቀበለው በስልክ በሚነበብ ኮድ ነው፤ የህንድ ባንክ ሒሳብ የሌለው እንግዳ ግን ጥሬ ገንዘብ ይዞ ቢዞር ይሻለዋል። ለባለ አምስት መቶ ሩፒ መልስ ማግኘት ስለሚያስቸግር የአሥር፣ የሃያና የሃምሳ ሩፒ ኖት አውራንጋባድ ላይ ዘርዝረው ይውጡ።

ይህን ለሚያነቡና ከአዲስ አበባ በቀጥታ ለሚመጡ ሰዎችም፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን አትርሱ። ህንድ ከኢትዮጵያ የሚገባን መንገደኛ ካርዱን ትጠይቃለች፤ ክትባቱም ቢያንስ ከጉዞው አሥር ቀን በፊት የተወሰደ መሆን አለበት። ካርድ የሌለው ሰው እስከ ስድስት ቀን ለይተው ሊያቆዩት ይችላሉ።


የቀድሞ የፑኔ ተማሪ
ጥር 12 ቀን

አዲስ ከተማ ስለ ምዝገባው የተናገሩት ትክክል ነው፤ ከዚያ የደረሱበትን መደምደሚያ ግን አልቀበለውም። መፍትሔው ከከተማዋ መሸሽ ሳይሆን፣ ከመነሣት በፊት ስልክ ደውሎ «የውጭ አገር ዜጋ ትቀበላላችሁ ወይ?» ብሎ ማረጋገጥና ጨለማ ሳይዝ መድረስ ነው። ቁልቁል ሦስትና አራት ኪሎ ሜትር ወርዶ ኤሎራ በር ላይ የውጭ ጎብኚ የለመዱ ማረፊያዎች ስላሉ፣ እዚያ አድሮ ጠዋት በባጃጅ ወደ ኩልዳባድ መውጣትም ይቻላል። እናትዎን ይዘው ስለሆነ እኔ ይህን ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

በቀን ደርሶ የሚመለስ ሰው የሚያጣው ነገር እንዳለ ግን ልንገራችሁ። የጎብኚ አውቶቡሶች የሚመጡት ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ሲሆን፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ሁሉም ይሄዳሉ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሰዓት የከተማዋ የራሷ ነው። ከደርጋው የሚመጣው የምሽት አዛንና ከባድራ ማሩቲ የሂንዱ ቤተ መቅደስ የሚሰማው ደወል ሲከታተሉ፣ ዳቦ ጋጋሪው ምድጃውን ሲያቀጣጥል፣ ወንዶች በበሩ ሥር ባለው ሻይ ቤት ተቀምጠው ስለ ጥጥ ዋጋ ሲከራከሩ ማየት የሚቻለው ያን ጊዜ ነው። ባድራ ማሩቲ ሃኑማን የሚባለው የዝንጀሮ አምላክ የተጋደመ ምስል ያለበት ሲሆን፣ እንዲህ ያለው በህንድ ብርቅ ስለሆነ በሂንዱዎቹ የሽራቫን ወር ቅዳሜዎች ሕዝቡ ከአውራንጋባድ ሌሊቱን በእግሩ ተጉዞ ይመጣል። የእስላሞቹ መቃብርና የሂንዱዎቹ ቤተ መቅደስ በአንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ እንዴት ተቻችለው እንደሚኖሩ ከመጻሕፍት ይልቅ በዚያ ሻይ ቤት ይማራሉ።

ካጊዝፑራ የምትባለውንም መንደር እንዳያልፏት። በዳውላታባድና በኩልዳባድ መካከል በመንገዱ ዳር ያለች ስትሆን፣ ከቱግሉክ ዘመን ጀምሮ በእጅ ወረቀት ሲሠራባት ቆይቷል። ሠራተኛው በወንፊት መሰል ማዕቀፍ በውኃ የተበጠበጠውን ጥጥ ከገንዳ እየቀዳ፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ወዝወዝ አድርጎ ውኃው ሲንጠፈጠፍ አንድ ቅጠል ወረቀት ይወጣል። ስጦታ ለመግዛት ከሙምባይ ገበያ ይልቅ እዚያ ይሻላል።


አስታማሚዋ
ጥር 13 ቀን

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የተጻፈውን ለእናቴ አንድ በአንድ አንብቤላታለሁ፤ «ማውሺ» መባሉን ከወዲሁ ወዳዋለች። ሁለት ጥያቄዎች ይቀሩኛል። የመጀመሪያው፣ የሙጋሉ ንጉሥ የአውራንግዜብ መቃብርም በኩልዳባድ እንደሆነና በዚያ ሳቢያ ባለፈው ዓመት ሁከት እንደተነሣ አንብቤአለሁ፤ የደኅንነቱ ነገር እንዴት ነው? ሁለተኛው፣ ልንሄድ ያሰብነው ከሰኞ ጥር 25 እስከ ዓርብ ጥር 29 ነው። ሰኞ የነነዌ ጾም የሚገባበት ስለሆነ እናቴ ምን ትበላለች?


ጥቁር ሰሌዳ
ጥር 13 ቀን

እ.ኤ.አ. በማርች 2025 አንዳንድ የሂንዱ ድርጅቶች የአውራንግዜብ መቃብር ይነሣ ብለው ሰልፍ የወጡ ሲሆን፣ ብጥብጡ የተነሣው በኩልዳባድ ሳይሆን ከዚያ እጅግ በራቀችው በናግፑር ከተማ ነበር። ከዚያ ወዲህ በመቃብሩ ዙሪያ ጥበቃው ተጠናክሯል፤ ፖሊስ ቢቀመጥ፣ መታወቂያ ቢጠይቅና ስም ቢመዘግብ አይደንግጡ። ፓስፖርታችሁን በእጃችሁ ያዙ፤ እዚያ ቆማችሁ ስለ አውራንግዜብ ማንነት ከማንም ጋር ክርክር አትግጠሙ፤ ፎቶም ሳታስፈቅዱ አታንሡ። ከዚያ በተረፈ ከተማዋ ሰላማዊ ናት።

መቃብሩን ማየቱ ራሱ የሚያስደንቅ ነው። በ1707 ሲሞት መላውን ህንድ ለመጠቅለል ጥቂት የቀረው ንጉሥ፣ በሼኽ ዘይኑዲን ደርጋ ግቢ ጥግ ላይ፣ ጣሪያ በሌለው ተራ የአፈር መቃብር ነው የተኛው፤ ይህም በራሱ ኑዛዜ ነው። ዛሬ የሚታየው የእብነ በረድ ከለላ በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ የተጨመረ ነው። ከዚያ ወጥተው ወደ ማሊክ አምባር ባለ ጉልላት መቃብር ሲሄዱ፣ ሙጋሎችን ሲዋጋ የኖረው የቀድሞ ባሪያ ከሙጋሉ ንጉሥ ይልቅ ያማረ መኖሪያ እንዳለው ያያሉ።


መንገደኛዋ
ጥር 14 ቀን

የጾሙን ጥያቄ እኔ ልመልስ፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ነገር ስላለ ነው። በህንድ «ቬጅ» ማለት ሥጋና እንቁላል የለበትም ማለት ብቻ ነው፤ ወተት፣ እርጎ፣ አይብና ቅቤ ይገባበታል። ከዚህም የባሰው፣ እናትዎ «ጾመኛ ናት» ብለው ለአስተናጋጁ ቢነግሩት፣ በነሱ ጾም እህል እንጂ ወተት ስለማይከለከል፣ በቅንነት አንድ ብርጭቆ ትኩስ ወተትና በቅቤ የተጠበሰ፣ ሳቡዳና የሚባል የካሳቫ ምግብ ያመጣልዎታል። ስለዚህ ጾሙን ሳያነሱ «ዱድ ናሂን፣ ጊ ናሂን፣ ዳሂ ናሂን» ብለው ወተት፣ ቅቤና እርጎ እንደማይፈልጉ በግልጽ ይንገሩት፤ በዘይት እንዲሠራም ይጠይቁ።

ለእናትዎ የምመክረው ምግብ ፒትላና ባክሪ ነው። ፒትላ ከሽምብራ ዱቄት፣ ከሽንኩርትና ከቃሪያ በዘይት የሚሠራ ሲሆን፣ አይተው «ሽሮ ነው» እንደሚሉ አልጠራጠርም። ባክሪ ደግሞ ከማሽላ ዱቄት በእጅ ተጠፍጥፎ በምጣድ ላይ የሚጋገር ቂጣ ነው። በአጠገቡ ቴቻ የሚባል የተወቀጠ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ያቀርባሉ፤ ለሐበሻ አፍ የሚከብድ አይደለም። በመንገድ ዳር የሚሸጠውን የዘይቱን ፍሬና ጊሽጣ ግን ልጣጩን በራሳችሁ ልጣችሁ ብሉ፤ ውኃም ማሸጊያው ያልተከፈተ ይሁን። ሥጋ የሚበላ ሰው አብሯችሁ ካለ፣ አውራንጋባድ ላይ ናን ቃሊያ የሚባለውን የእስላሞቹን ወጥ ሳይቀምስ እንዳይመለስ።

ሌሊቱ በዚህ ወር ስለሚቀዘቅዝ ጋቢ ይያዙ።


ወልደ ሮሃ
ጥር 14 ቀን

የላስታ ልጅ ስለሆንኩ ስለ ኤሎራ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እዚያ ድረስ ሄዳችሁ 16ኛውን ዋሻ፣ የካይላሳን ቤተ መቅደስ፣ ሳታዩ እንዳትመለሱ። በስምንተኛው መቶ ዘመን በራሽትራኩታ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ በቀዳማዊ ክሪሽና ዘመን፣ እንደ ላሊበላ ቤተ ክርስቲያናት ከላይ ወደ ታች ከአንድ ወጥ አለት ተፈልፍሎ የወጣ ነው። በግቢው ውስጥ ከመቆም ይልቅ በጎን ባለው አቀበት ወጥቶ ከላይ ማየት ሥራውን ይበልጥ ያስረዳል፤ የመሮ ምልክት በዙሪያው ገደል ላይ እስካሁን ይታያል። ከሠላሳ አራቱ ዋሻዎች ሁሉንም ለማየት መሞከር ለእናትዎ ድካም ነው፤ 10ኛው፣ 16ኛውና ራቅ ብሎ ያለው 32ኛው፣ የጄይን ሃይማኖት ተከታዮች ዋሻ፣ ይበቃሉ። ወደ ጄይን ዋሻዎቹ የሚያመላልስ መኪና አለ።


አስታማሚዋ
ጥር 15 ቀን

ከልብ አመሰግናለሁ። ሰኞ በቫንዴ ባራት ተጉዘን አውራንጋባድ ለማደር፣ ማክሰኞ ጠዋት የባድካልን በር አይተን ኤሎራ ገብተን ዋሻዎቹን ለመጎብኘት፣ ረቡዕ ኩልዳባድን፣ ሐሙስ ካጊዝፑራን ለማየትና ዓርብ ለመመለስ አስበናል። ኤሎራ በር ላይ ካለ አንድ ማረፊያ ጋር በስልክ ተነጋግሬ የውጭ አገር ዜጋ እንደሚቀበሉ አረጋግጠውልኛል።


የቀድሞ የፑኔ ተማሪ
ጥር 15 ቀን

ዕቅድዎ መልካም ነው፤ ነገር ግን የኤሎራ ዋሻዎች ማክሰኞ ዝግ ስለሆኑ ሁለቱን ቀናት ይቀያይሯቸው። የኩልዳባድ መቃብሮች ማክሰኞም ክፍት ስለሆኑ፣ ከአውራንጋባድ ስትመጡ በመንገዳችሁ ካጊዝፑራን አይታችሁ ከሰዓት በኋላ ኩልዳባድ ላይ ውረዱ፤ ፀሐዩ ሲበርድ የማሊክ አምባርን መቃብር ተረጋግታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ረቡዕ ጠዋት በሩ እንደተከፈተ ወደ ዋሻዎቹ ብትገቡ ሰዉ ሳይበዛ ካይላሳን ታዩታላችሁ። ሐሙስን ለዕረፍት ተዉት፤ እናትዎ ከቀዶ ሕክምና የወጡ ሰው ናቸው። የመመለሻውን ቲኬት ግን ዛሬውኑ ይቁረጡ።